ልብ እስኪገዛ ድረስ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት መርሳ ስገባ አባቴ ገና እግሬን ሳልታጠብ «ይኼ ወንድምህ ልብ አልገዛም!» ሲሉ ተቀበሉኝ። ዕድሜው 16 ነው። ጓደኞቹ በጂቡቲና በየመን አድርገው ወደ ሳውዲ ሊነሱ ሲሉ እሱም ስንቁን ደብቆ ተገኘ። አባቴ ዱላ አነሱ፤ እናቴ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ የተማርሁ ነኝ ብዬ መከርሁት። የጠየቀው ግን ማንም የለም።

ውድ አንባብያን፣ ነገሩ ጥጋብ ብቻ አይደለም። የአንጎል ጥናት እንደሚያስረዳን ስሜትንና ጉጉትን የሚቀሰቅሰው የአንጎል ክፍል በጉርምስና ቀድሞ ይነቃል፤ ከግንባር ጀርባ ያለው፣ መዘዝን የሚመዝነው ክፍል ግን እስከ 25 ዓመት ገደማ በስሎ አያልቅም። እኩዮቹ ካዩትማ ጎረምሳ ይበልጥ ይደፍራል። አባቶቻችን «ልብ» የሚሉት ይህን ይመስለኛል።

ታሪካችንም ምስክር ነው። ከኛው አገር ከየጁ የተወለዱት ዳግማዊ ራስ ዓሊ በ1823 ዓ.ም. እንደራሴ ሲሆኑ ገና ልጅ ነበሩ። የየጁ መኳንንትና እናታቸው መነን ሊበን ሞግዚት ሆኑላቸው። ሞግዚትነቱ ግን ልክ አጣ፤ ልጃቸው ከጎለመሱም በኋላ እናትዮዋ ሥልጣኑን አልለቀቁም፤ በ1839 ዓ.ም. ራሳቸው ዘምተው በካሳ ኃይሉ እጅ ተማረኩ።

የወሎው ልጅ ኢያሱ ዕጣ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1901 ዓ.ም. በ14 ዓመታቸው አልጋ ወራሽ ተባሉ። ሞግዚታቸው ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ምትክ አልተሾመም። እንግዲህ ልጅ ኢያሱ ያኔ ልክ የወንድሜ እኩያ ነበሩ! መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በ21 ዓመታቸው ከሥልጣን ወረዱ። ምክንያቱ አንጎል ነው ብል ታሪክን ማቅለል ይሆንብኛል፤ የሸዋ መኳንንት ፍላጎት፣ የሃይማኖት ክስ፣ የዓለም ጦርነት ሁሉ አለበት። ግን ያን ሁሉ ሸክም በ16 ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ ያለ ደጋፊ መተው አግባብ ነበር ወይ?

አንዱ ሞግዚት አልለቅም አለ፤ ሌላው ሞተና ተተኪ ጠፋ። የኛም ቤት እንዲሁ ነው፦ ወይ ዱላ፣ ወይ «እንደ ፍጥርጥሩ!»። መካከለኛው መንገድ ልጁ ልብ እስኪገዛ ድረስ የራስን ልብ ማበደር ነው፤ አብሮ መመዘን፣ ቀስ በቀስም መልቀቅ።

እኔም ብሆን 25 አልሞላኝምና ብዙ አልመጻደቅም። ወንድሜ ግን እስካሁን መርሳ ነው። አሁን ስመለስ ምክሬን ትቼ «ምን አሰብህ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።