የአዲስ አበባ ጭቃ ቤት፦ አሠራሩ፣ አያያዙና እድሳቱ

የአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ቤት በአብዛኛው ከሦስት ነገር የተሠራ ነው፤ ከባህር ዛፍ፣ ከጭቃና ከቆርቆሮ። በ1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራም አብዛኛው የከተማዋ ቤት ግድግዳው እንጨትና ጭቃ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ዓይነቱ ቤት አንዴ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። ጣራው፣ ምርጉና የግድግዳው እግር በየጊዜው እጅ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የቤቱ ዕድሜ የተመሠረተው በመጀመሪያው አናጺ ሙያ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ በሚገቡበት ሰዎች ትጋት፣ አቅምና መብት ላይ ጭምር ነው።

ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መልኳ የጦር ሰፈር ነበር። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ አካባቢ ሲወርድ መኳንንቱ በየኮረብታው ላይ ግቢያቸውን ተከሉ። ጭፍራውና አሽከሩ ደግሞ በየጌታው ግቢ ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ጎጆው ክብ ነበር፤ ግድግዳው በእንጨት ተማግሮ በጭቃ ይመረጋል፣ ክዳኑም ሣር ነበር። እንጨቱ ከእንጦጦና ከአካባቢው የጥድና የወይራ ደን ይመጣ ነበር። ለቤት፣ ለአጥርና ለማገዶ ሲቆረጥ ደኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሳሳ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ የደረሱበት አንዱ ምክንያትም የእንጨት እጥረት ነበር።

ከተማዋን በቦታዋ ያጸናት በ1880ዎቹ የገባው ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለቋሚና ለማገር ይደርሳል፤ ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ከውጭ የሚገባው ቆርቆሮ ሲታከልበት የቤቱ ቅርጽ ተለወጠ። ሣር እንደ ልብ ስለሚታጠፍ ለክብ ጣራ ይስማማል፤ ቆርቆሮ ግን ቀጥ ያለ ዝርግ በመሆኑ አራት ማዕዘን ቤት ይፈልጋል። መጀመሪያ ቆርቆሮ የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንትና የሀብታም ነጋዴ ክዳን ነበር። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ከባድ ዕቃ ማጓጓዝ ቀለለና ቆርቆሮው ቀስ በቀስ ወደ ተራው ነዋሪ ወረደ።

ለቤቱ መለወጥ ከባህር ዛፍና ከቆርቆሮ ቀጥሎ ሦስተኛው ምክንያት ሕግ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የከተማ ቦታ በግል እንዲያዝ፣ እንዲሸጥና እንዲወረስ የሚፈቅድ ደንብ ወጣ። ቦታው የራሱ መሆኑን ያረጋገጠ ሰው ለልጅ የሚተርፍ ቤት መሥራት ጀመረ። ከጦር ሰፈር ወደ ከተማ የተደረገው ሽግግር ከዚህ ጊዜ ጀምሮ በቤቶቹ ላይ በግልጽ ይታያል።

የመኳንንቱ ቤቶች

የዚያን ዘመን ትላልቅ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሠሯቸው የሕንድ፣ የአርመንና የዓረብ ባለሙያዎች ከአገሬው አናጺና ግንበኛ ጋር ሆነው ነው። አርመናዊው ሚናስ ኸርበኪያን ከስመ ጥሮቹ አንዱ ነበር። ምድር ቤቱ በድንጋይ ተገንብቶ በጭቃ ይያያዛል፤ የላይኛው ፎቅ ግን ብዙ ጊዜ እንጨትና ጭቃ ነው። ቤቱን ሰፊ ሰገነት ይከበዋል። የጣራው ከንፈርና የሰገነቱ ድጋፍ በተፈለፈለ ጣውላ ያጌጣል። የሼክ ሆጀሌ ቤትና የራስ ብሩ ቤት የዚህ አሠራር ታዋቂ ምሳሌዎች ናቸው። የራስ ብሩ ቤት ከተማዋ መቶኛ ዓመቷን ባከበረችበት ጊዜ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል።

የሰገነቱ ጥቅም ከጌጥ ያልፋል። ረጅሙ የጣራ ከንፈር የክረምቱን ዝናብ ከግድግዳው አርቆ ያፈስሳል። ጭቃ ግድግዳ ሲደርቅ ጠንካራ ነው፤ ጠላቱ ውሃ ነው። ሰገነት ማሠራት ያልቻለው ድሃ ጎረቤትም ቢሆን በዚሁ ብልሃት ጣራውን ከግድግዳው አሳልፎ ታዛ ያወጣ ነበር።

ግድግዳው እንዴት ይቆማል

ተራው ጭቃ ቤት የሚጀምረው ግማሽ ሜትር ያህል በሚቆፈር ጉድጓድ ወይም ቦይ ነው። የባህር ዛፍ ቋሚዎች ተቀራርበው ይተከላሉ። መሬት ውስጥ የሚገባው ጫፍ ከምስጥና ከእርጥበት እንዲተርፍ በእሳት ይለበለባል፤ ተሽከርካሪ ከበዛ በኋላ ደግሞ የተቃጠለ ዘይት መቀባት ተለመደ። ቀጫጭን ማገሮች በቋሚዎቹ ላይ ከውስጥም ከውጭም አግድም ይመታሉ። ሚስማር ከመስፋፋቱ በፊት ማገሩ የሚታሰረው በልጥ ወይም በጠፍር ነበር።

ጭቃው ልፋትና ትዕግሥት ይጠይቃል። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቀላቅሎ በውሃ ይርሳል፣ በእግር ይረገጣል፣ ከዚያም ለቀናት ይተዋል። በየጊዜው ውሃ እየተጨመረበት እንደገና ይረገጣል። ጭዱ ሲበሰብስ ጭቃው ይያያዛል፣ ሲደርቅም መሰንጠቁ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ምርግ በማገሩ መሐል ተጠቅጥቆ ይገባል። ይህ ንብርብር ሲደርቅ መሰነጣጠቁ አይቀርም፤ ስንጥቁም ለቀጣዩ ምርግ መያዣ ይሆናል። ሁለተኛው ምርግ ስንጥቁን ይደፍናል። የመጨረሻው ልስን በደቀቀ ጭድና በተነፋ አፈር፣ አንዳንዴም በእበት ይዘጋጃል። ከላዩ ኖራ ይቀባል።

ወለሉ መጀመሪያ የተጠቀጠቀ አፈር ነበር፤ በእበት እየተለቀለቀ አቧራው ይታፈናል። የተሻለ አቅም ያለው ጣውላ ያነጥፋል። ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዲ ነበር፤ በኖራ ሲቀባ ጠንከር ብሎ ከጣራ የሚወርደውን አቧራ ይይዛል፣ ክፍሉንም ያበራል። ቀለም መግዛት ያልቻለ ደግሞ ግድግዳውን በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ይለጥፍበት ነበር። ጋዜጣው ከምርጉ የሚራገፈውን አፈር ያስቀራል፤ በስንጥቅ የሚገባውን ብርድም ይቀንሳል።

አሮጌ ቤት ገብቶ ማደስ

ትዳር የያዙ ወጣቶች፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ ሠራተኛ ወይም ከኪራይ የወጣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያገኘው ቤት ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው የኖረበት ነው። የጥገናው ቅደም ተከተል በልምድ የታወቀ ነው፤ ከላይ ይጀመራል። ጣራው እያፈሰሰ የታደሰ ግድግዳ አንድ ክረምት አይሻገርም። ቆርቆሮ በብዛት የሚያፈሰው በሚስማሩ ቀዳዳና በዝርጎቹ መደራረቢያ ላይ ነው። ቀዳዳው በሬንጅ ይደፈናል፣ የዛገው ዝርግ ይለወጣል፣ ንፋስ የሚያነሳው ጠርዝ ላይ ድንጋይ ይጫንበታል። አሸንዳ ከተሠራለት ውሃው ከግድግዳው ርቆ ይወርዳል።

ቀጥሎ የሚታየው የግድግዳው እግር ነው። በቤቱ ዙሪያ አፈርና ጥራጊ ሲከማች የውጭው መሬት ከወለሉ ከፍ ይላል። እርጥበቱ ወደ ውስጥ ይገባና ቋሚው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይበሰብሳል። ጥገናው የሚጀምረው አፈሩን ጠርጎ ቦይ በማውጣት ነው። የበሰበሰ ቋሚ ካለ ጣራው በባላ ይደገፋል፣ ምርጉ ይራገፋል፣ የሞተው እንጨት ተቆርጦ በአዲስ ይተካል ወይም ከሥሩ ድንጋይ ይገነባለታል። ሥራው ተራ በተራ ካልሆነ ጣራው ሊዘምም ስለሚችል ሁሉም ቋሚ በአንድ ቀን አይነካም። ምርግ፣ ልስንና ቀለም የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። አዲስ ምርግ በደረቀ አሮጌ ምርግ ላይ እንዲይዝ ግድግዳው ተጭሮ በውሃ ይርሳል።

ጊዜውም የተወሰነ ነው። ክረምት ላይ ጭቃ አይደርቅም። ጭድ በብዛት የሚገኘውም ጤፍ ተወቅቶ ካለቀ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ትልቁ ምርግ በበጋ ወራት ይውላል፤ ወሩ ከጥር ሠርግ ጋር ሲገጥም ደግሞ የድግሱ ቤት ሁሉ ይለሰናል። ለበዓል የሚደረገው ግን ቀለል ያለ ነው፤ ግድግዳ ኖራ መቀባት፣ ወለል መለቅለቅና ቀጤማ መጎዝጎዝ። በገጠር ምርግ የደቦ ሥራ ነው። በከተማ አናጺውና ጭቃ የሚመርገው ሠራተኛ በገንዘብ ይቀጠራሉ፤ ጎረቤትና ዘመድ ግን ውሃ በማመላለስና ጭቃ በመርገጥ ያግዛሉ።

ቤቱ ሲያልቅ ቡና ይፈላል፣ እንደ ቤተሰቡ እምነት ጸበል ይረጫል ወይም ዱዓ ይደረጋል። እንግዳ «ቤት ለእንቦሳ» ብሎ ይገባል፤ ባለቤቶቹ «እንቦሳ እሰሩ» ይላሉ። ባዶ እጅ መምጣት ነውር ስለሆነ ለጓዳና ለማጀት የሚሆን ዕቃ ይመጣል። ለጀማሪ ቤተሰብ ይህ ስጦታ ከቤቱ ወጪ ላይ ጥቂት የሚያቀል ነበር።

ከወረራው እስከ አብዮቱ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለሌሎች ጣሊያኖች የድንጋይና የሲሚንቶ ቤቶች ተሠሩ። የካዛንችስና የፖፖላሬ ሰፈሮች ስማቸውም ከዚያ ዘመን ግንባታ የመጣ ነው። ከነጻነት በኋላ የሲሚንቶ ሥራ ወደ ጭቃው ቤትም ገባ። የአፈር ወለል በሊሾ ተተካ፣ የውጩ ግድግዳ በሲሚንቶ ተለሰነ፣ አቡጀዲውም ለኮምፔንሳቶና ለችፑድ ቦታ ለቀቀ። የሲሚንቶ ልስን ግን ከጭቃ ጋር እኩል አይሳብም፣ አይለጠጥም። በትክክል ካልተያዘ ይላቀቃል፤ በጀርባው የገባው ውሃም መውጫ ያጣና እንጨቱን ያበሰብሳል።

ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ብዙው ነዋሪ ተከራይ ሆነ። የቦታ ባለቤቶች በግቢያቸው ዙሪያ ተያይዘው የተደረደሩ ባለ አንድ ክፍል ቤቶች ሠርተው አከራዩ። ቋሚው ቀጭን፣ መሠረቱ ጥልቀት የሌለው፣ ሽንት ቤቱም የጋራ ነበር። ተከራዩ ውስጡን ቢለጥፍና ቢቀባም ጣራውና ቋሚው የባለቤቱ ጉዳይ ነበር።

የቀበሌ ቤት

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተወሰነ፤ ለቤት መሥሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተደነገገ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ኋላ የኪራይ ቤቶች ኤጀንሲ በተባለው መሥሪያ ቤት ሥር ሆኑ። ኪራይም ተቀነሰ።

አዋጁ ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ለቤቱ ግን ሌላ ችግር አመጣ። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ሳይጨምር በመቅረቱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና አይበቃም ነበር። ቀበሌው የሚያድስበት አቅም አልነበረውም። ነዋሪው ደግሞ ቤቱ የራሱ ስላልሆነ ብዙ ገንዘብ ለማውጣት ያመነታል፤ ማደስ ሲፈልግም ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። በዚህ መሐል ትላልቆቹ የመኳንንት ቤቶች በጣውላና በኮምፔንሳቶ ተከፋፍለው ለብዙ ቤተሰብ ተሰጡ። ሰገነቱ ተዘግቶ ክፍል ወይም ማድ ቤት ሆነ፤ ግድግዳውን ከዝናብ ይጠብቅ የነበረው የቤቱ ክፍል የመጀመሪያ ሥራውን አጣ።

ነዋሪው ሆኖም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ቤቱ ወደ ጎን እንዲሰፋ ስለማይፈቀድ ወደ ላይ ይሰፋል፤ ከጣራው ሥር የጣውላ ቆጥ ይሠራና ልጆች ይተኙበታል። ማድ ቤት በቆርቆሮ ይቀጠላል። ጣራ የሚለወጠው በዕቁብ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ በላከው ገንዘብ ነው። ጭቃው ተራግፎ ቀስ በቀስ በብሎኬት የተተካበት ቤትም ጥቂት አይደለም፤ ከውጭ ሲታይ አሮጌ፣ ከውስጥ ሲገቡበት አዲስ ነው።

የቅርብ ዓመታት

ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከተማዋን ወደ ዳር አሰፋት፤ ብዙ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎችም ወደዚያ ተዛወሩ። ከ2010 ዓ.ም. በኋላ በክረምት በጎ ፈቃድ ዘመቻ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ ተለመደ። በዘመቻው ብዙ ጊዜ አሮጌው ቤት ፈርሶ በምትኩ አዲስ ይቆማል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ፒያሳን ጨምሮ ነባር ሰፈሮችን በሰፊው አፍርሷል።

የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የታሪክ ዋጋ ላላቸው ሕንፃዎች ጥበቃ ያደርጋል። በቅርስነት የሚመዘገበው ግን የመኳንንትና የነጋዴ ቤት እንጂ ተራው ጭቃ ቤት አይደለም። ሙያው ራሱ ግን ዛሬም ይሠራበታል። በ2011 ዓ.ም. መካኒሳ አካባቢ የተከፈተው የዞማ ሙዚየም ግድግዳዎች በጭቃና በጭድ የተሠሩ ናቸው፤ ሙዚየሙን ያቋቋሙት ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ናቸው። የከተማዋ ዳር ሰፈሮችና የክፍለ ሀገር ከተሞችም እስከ አሁን በብዛት የሚሠሩት በባህር ዛፍና በጭቃ ነው። እነዚህ ቤቶች ሁሉ ከመቶ ዓመት በፊት እንደነበረው የሚጸኑት በሦስት ነገር ነው፦ በማያፈስ ጣራ፣ ከእርጥበት በራቀ የግድግዳ እግር፣ እንዲሁም ለማደስ መብትም ምክንያትም ባለው ነዋሪ።