ነገር የሚረጋው መቼ ነው? ስለ ስም ማጥፋት የይርጋ ዘመንና ስለ ፎገራው ሊቅ ቀልድ

መግቢያ

የፎገራ ሜዳ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የሚተኙበት አገር ነው። ውሃው ከተኛ በኋላ ይረጋል፤ ሲረጋም ደለሉን ጥሎ ይጠራል። በሕግ ቋንቋ ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ማለፍ «ይርጋ» መባሉም ከዚሁ «ረጋ» ከሚለው ግስ ነው፤ ነገሩ ይርጋ፣ ከእንግዲህ አይናወጥ ማለት ነው። ቃል ግን እንደ ውሃ በቶሎ ይረጋልን? በስም ማጥፋት ለሚቀርብ ክስ የተወሰነው ጊዜ ይራዘም ሲባል፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ጊዜው ከየትኛው ቀን ይቆጠራል የሚለው ነው። ይህም የሕግ ባለሙያ ብቻ ሳይሆን የሥነ ጽሑፍ ተማሪም ጥያቄ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

የሕጉ አቆጣጠር

ስም ማጥፋት በተበዳዩ የግል አቤቱታ በሚያስቀጣበት ጊዜ፣ አቤቱታው ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ እንዳለበት የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 213 ይደነግጋል። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 2143 ለካሣ ጥያቄ 2 ዓመት ይሰጣል፤ የሚቆጥረውም ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ነው። እንግዲህ አንደኛው ከማወቅ፣ ሁለተኛው ከመጎዳት ይነሣል።

የፍትሐ ብሔሩ ሕግ የማራዘሚያ በርም አለው። ጉዳቱ ከወንጀል የመነጨ ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ረዘም ያለ ከሆነ ካሣውም በዚያው ይጠየቃል። ከዚህም በላይ በአንቀጽ 1853 መሠረት፣ ባለመብቱ በጊዜው ያልጠየቀው ከባለዕዳው ጋር ባለው የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና፣ ወይም የእርሱ የበታች በመሆኑ ምክንያት መሆኑን ዳኛው ከተረዳ የይርጋውን መቃወሚያ ሊያልፈው ይችላል። ይህ አንቀጽ የተጻፈው ለውሎች ቢሆንም፣ በአንቀጽ 1677 በኩል ከውል ውጭ ለሚመጡ ግዴታዎችም ይደርሳል። አማትን፣ ወንድምን ወይም አለቃን መክሰስ ነውር በሆነበት አገር የዚህ አንቀጽ ዋጋ ቀላል አይደለም።

ሰሙና ወርቁ በየቀናቸው

አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱ ሊቅ ናቸው። ከእርሳቸው የመነጨው የአቋቋም ስልት በልጃቸው በተክሌ ስም ተጠርቶ፣ በደብረ ታቦር ኢየሱስ ሲሰጥ ይኖራል። ሕዝቡ ግን ከዝማሜያቸው ይልቅ በቀልዳቸው ያውቃቸዋል። ቀልዱም ብዙውን ጊዜ ሰሙ ምስጋና ወይም ሰላምታ፣ ወርቁ ስድብ ነው።

የነገሩን ጠባይ ለማየት የራሳችንን ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ወረታ ገበያ መካከል ስለ ዕድር ገንዘብ ያዥ፣ «የዕድሩን ገንዘብ እንደ ራሱ ገንዘብ ነው የሚያየው» ይላል። ገንዘብ ያዡ አመስግኖ ይሄዳል፤ ሰሙ ጠንቃቃ ነው ማለት ነውና። ከ3 ዓመት በኋላ ግን አንድ ነቃ ያለ ሰው ወርቁን ያወጣዋል፤ ያን ጊዜ ዕድርተኛው ይስቃል፣ ሰውየውም ከሹመቱ ይነሣል። ስሙ የጠፋው ቃሉ በተነገረበት ቀን ነው ወይስ ወርቁ በወጣበት ቀን? በአንቀጽ 2044 ስም ማጥፋት ሰውን የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ፣ ክብሩንም የሚያሰጋ ድርጊት ነው። ሰሙን ብቻ የሰማ ሰው አልናቀውም፤ ስለዚህ ጉዳቱ የደረሰው ወርቁ በወጣበት ቀን ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ከሆነ ለቅኔያዊ ስድብ የሚያስፈልገው የዘመኑ ርዝመት ሳይሆን የመነሻው ቀን በትክክል መቆጠር ነው።

ይሁን እንጂ ገደቡን ማራዘም ሌላውን ወገን ይጎዳል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው ምሳሌ የተበዳዩን ሐቅ ይናገራል፤ የተናጋሪውን ግን አይናገርም። አንድ ፊደል ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ በሚለወጥበት ቋንቋ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ቃሉ ጠብቆ ተነግሮ ነበር ወይስ ላልቶ ብሎ ማን ይመሰክራል? ምስክሩ ቢኖር እንኳ የሚያስታውሰው ትርጓሜውን እንጂ ድምፁን አይደለም። አጭር ይርጋ ያልተናገረውን ተናገርህ ከመባል ሰውን ይጠብቃል።

የሚደጋገም ቃል

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የድግግሞሽ ጥያቄ ነው። በ1849 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የብሩንስዊክ መስፍን፣ 17 ዓመት ያለፈውን ጋዜጣ በአገልጋያቸው አስገዝተው ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም አዲሱ ሽያጭ አዲስ ስም ማጥፋት ነው ሲል ፈረደላቸው። ይኸው አገር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ፣ ያው አሳታሚ ያንኑ ጽሑፍ ሲደግም ጊዜው በመሠረቱ ከመጀመሪያው ኅትመት እንዲቆጠር አደረገ። ለቃል ሥነ ጽሑፍ ግን የመጀመሪያው ኅትመት የለም። ከናበጋ የወጣ ቀልድ በወረታ መገንጠያ አንዱ ወደ ጎንደር፣ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር ይዞት ሲሄድ፣ ተናጋሪው ሁሉ አዲስ አታሚ ነው።

ማጠቃለያ

አንቀጽ 2044 የሚጠብቀው በሕይወት ያለን ሰው ነው። ስለዚህ በአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ ስማቸው የሚነሣው ካህናትና ሹማምንት በዚህ አንቀጽ ከሳሽ የላቸውም። አለቃም ራሳቸው ያልተናገሩት ብልግና ሁሉ «አለቃ እንዳሉት» እየተባለ ሲጫንባቸው መከራከር አይችሉም። ለእነርሱ የሚራዘም የይርጋ ዘመን የለም፤ ያላቸው ዳኛ መርማሪው ብቻ ነው። ስለሆነም ቃል ግጥምና ቀልድ የሚሰበስብ ተማሪ ማን፣ የት፣ ከማን ሰምቶ እንደነገረው፣ የቱንም ፊደል አጥብቆ የቱን አላልቶ እንዳለው መመዝገብ አለበት። ነገሩ የሚረጋው፣ ደለሉም ከውሃው የሚለየው ያን ጊዜ ነው።