ከጓሮና ከማጀት የሚገኙ የቆዳና የፀጉር መንከባከቢያዎች፦ አሞካከራቸውና ጥንቃቄያቸው

ለጋ ቅቤ፣ ተልባ፣ እሬት፣ የኑግ ዘይት፣ እንሶስላና እንዶድ ለገላና ለፀጉር እንክብካቤ ለትውልዶች ሲያገለግሉ ኖረዋል። በዚህ ዘመን ደግሞ በስልክ የሚዘዋወሩ የቤት ውስጥ ቅመማ ምስሎች ብዙ የከተማ ነዋሪዎችን ወደ ጓሮና ወደ ማጀት መልሰዋል። መመለሱ ወጪ ይቆጥባል፤ የሚቀቡትንም ነገር ከምንጩ ለማወቅ ያስችላል። ነገር ግን «ተፈጥሯዊ» ማለት «ጉዳት የሌለው» ማለት አይደለም። እንዶድ ቀንድ አውጣና ዓሣ ይገድላል፤ የሎሚ ጭማቂም ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን ያቆስላል። ስለዚህ ከአዘገጃጀቱ በፊት መታወቅ ያለበት አሞካከሩ ነው።

አሞካከር

አርሶ አደር አዲስ ዘር ሲቀርብለት ማሳውን ሁሉ አይሸፍንበትም፤ በትንሽ መደብ ዘርቶ ከነባሩ ጋር እያስተያየ ይወስናል። ለቆዳም የሚሠራው ይኸው ዘዴ ነው። አዲሱ ነገር በክንድ ውስጠኛ ክፍል፣ የሳንቲም ስፋት ባለው ቦታ ላይ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀናት ይቀባል። ታጥቦ የሚወገድ ከሆነ በቆዳው ላይ የሚቆየው ወደፊት በሚታሰበው አጠቃቀም ልክ ነው። ማሳከክ፣ መቅላት፣ ማበጥ ወይም ውኃ መቋጠር ከታየ ወዲያው ታጥቦ ሙከራው ይቆማል። አለርጂ በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ስለሚችል የአንድ ቀን ሙከራ በቂ አይደለም።

ሁለተኛው ደንብ አንዱን ነገር ለብቻው መሞከር ነው። ማር፣ እርድና እንቁላል በአንድ ጊዜ ተደባልቀው ከተቀቡ የቱ እንደጠቀመ፣ የቱ እንደጎዳ መለየት አይቻልም። ሦስተኛው ትዕግሥት ነው። የራስ ፀጉር በወር በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ በሳምንት ውስጥ «ፀጉር አሳደገ» የሚባል ቅባት አይኖርም።

ለጋ ቅቤ

ከቅቤ ክብደት 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው ስብ ነው። ጥቅሙ ለፀጉር ርጥበት መስጠት ሳይሆን በፀጉሩ ላይ ያለው ርጥበት ቶሎ እንዳይተን መሸፈን ነው። በመሆኑም በደረቅ ፀጉር ላይ ከመለደፍ ይልቅ ፀጉሩን ታጥቦ፣ ጥቂት ርጥበት እንዳለው፣ ከመሐል እስከ ጫፍ በስሱ መቀባት ይሻላል። የሚመረጠው ጨውም ቅመምም ያልገባበት፣ ያልሻገተ ለጋ ቅቤ ነው። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ ለቀናት ከቆየ ይሸታል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ፎረፎር ላለበት ሰው የራስ ቆዳን ቅቤ መቀባት አይመከርም። ከፎረፎር ጋር የተያያዘው ጥቃቅን ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ስለሆነ ችግሩን ሊያባብሰው ይችላል። ቅቤ የተቀባ ፀጉርም ቢሆን ሹሩባው ከመጠን በላይ ከጠበቀ በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል ይሳሳል። ጥብቅ አሠራሩ ለዓመታት ከቀጠለ የሳሳው ፀጉር ተመልሶ ላይበቅል ይችላል።

ተልባ

አንድ ስኒ ተልባ በስምንት ስኒ ውኃ ተጥዶ፣ በመካከለኛ እሳት እየተማሰለ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይፈላል። እንደ እንቁላል ነጭ መሳሳብ ሲጀምር ይወርድና ትኩስ እንዳለ በስስ ጨርቅ ይጠለላል፤ ከቀዘቀዘ ወፍሮ አይጠለልም። ሲበርድ በታጠበ ፀጉር ላይ ይቀባል፤ ፀጉሩን አለስልሶ ለማበጠር ያመቻል። ተህዋስያንን የሚከላከል ነገር ስላልገባበት በማቀዝቀዣ ከአንድ ሳምንት በላይ መቆየት የለበትም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የዕለቱን ብቻ ማዘጋጀት ይገባል።

እሬት

በኢትዮጵያ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ይበቅላሉ፤ ባሕርያቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። የእሬት ቅጠል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል። ከልጣጩ ሥር ያለው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ቆዳን ያስቆጣል፤ ከተጠጣም ሆድን ክፉኛ ያስቀምጣል። ለቆዳ የሚፈለገው በመሐሉ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ክፍል ነው። ቅጠሉ ተቆርጦ፣ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ለ15 ደቂቃ ያህል ይቆማል። ቢጫው ፈሳሽ ከወረደ በኋላ ቅጠሉ ይታጠባል፤ ከዚያም ልጣጩ ይነሣል። ጥርት ያለው ክፍል ፀሐይ ያቃጠለውን ቆዳ ያበርዳል፤ ጥልቅ ቁስል ላይ ግን አይደረግም።

የኑግ ዘይት

ኢትዮጵያ የኑግ መገኛ ናት። ዘይቱ ሊኖሌይክ አሲድ በተባለ የስብ ዓይነት የበለጸገ ሲሆን ይህ ስብ በጤናማ ቆዳ መከላከያ ሽፋን ውስጥም ይገኛል። ገላ ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ሳይደርቅ በስሱ መቀባት የተሰነጠቀ እጅና እግርን ያለሰልሳል። ይኸው የስብ ዓይነት በአየርና በብርሃን ቶሎ ስለሚበላሽ ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ፣ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

በተለይ በቀይ አፈር ላይ ለረጅም ዓመታት ባዶ እግር መሄድ ለእግር ዝሆኔ በሽታ ያጋልጣል። እግርን በየቀኑ በሳሙና አጥቦና አድርቆ ቅባት መቀባት፣ ከዚያም ካልሲና ጫማ ማድረግ ከበሽታው መከላከያዎች አንዱ ነው። ጫማ ሳይደረግ የሚቀባ ዘይት ብቻውን አይከላከልም።

እንዶድ

የእንዶድ ፍሬ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን በተባለ ንጥረ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አስተዋሉ። ባካሄዱት ምርምርም እ.ኤ.አ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። ያ ግኝት ለቤት ውስጥ ተጠቃሚም ትምህርት አለው። ብርቱ ነገር ስለሆነ ዓይንን ያቃጥላል፤ ቆዳን ያደርቃል፤ ከተጠጣ ለሕይወት ያሰጋል። ለፊትና ለሕፃናት ገላ አይሆንም፤ እጣቢውም ዓሣ ወዳለበት ውኃ መደፋት የለበትም።

እንሶስላ፣ ሂናና ሎሚ

እጅና እግርን የሚያስጌጠው እንሶስላ የሚገኘው ከተክሉ ሥር ነው፤ ከቅጠል ከሚዘጋጀው ሂናም የተለየ ነው። ጥንቃቄ የሚሻው በገበያ «ጥቁር ሂና» የሚባለው ነው። ፈጥኖ እንዲጠቁር ፓራፊኒሊንዳያሚን የተባለ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ሊጨመርበት ይችላል። ይህም ቆዳን ውኃ ሊያስቋጥርና የማይለቅ ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ሎሚን ለማድያት ወይም ለጥቁር ነጠብጣብ መቀባት የተለመደ ስሕተት ነው። አሲዱ ቆዳን ይቆጠቁጣል፤ በልጣጩና በጭማቂው ያሉ ንጥረ ነገሮችም ፀሐይ ሲያገኛቸው እንደ ቃጠሎ ያለ ቁስል ያስከትላሉ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚቀረው ጠባሳ ሊያጠፉት ከፈለጉት ነጠብጣብ የባሰ ሊጠቁር ይችላል። ውሎው በማሳና በገበያ ለሆነ ሰው አደጋው ይበልጥ ቅርብ ነው።

ወይባ ጢስ

በወይባ ጢስ መታጠን ለገላ ልስላሴና ለመዓዛ የሚወደድ ልማድ ነው። አደጋው ከከሰሉ ይመጣል። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው፣ ሰውን ሳያስነቃ የሚገድል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። በርና መስኮት ከፍቶ፣ ሌላ ሰው በአቅራቢያ እያለ መታጠን ግድ ይላል። ነፍሰ ጡር ሴት ከሙቀቱም ከጢሱም መራቅ ይኖርባታል።

ፈጽሞ የማይሞከሩ

የሰብል ተባይ ማጥፊያ ኬሚካል ለራስ ቅማል ማዋል ለሕይወት አስጊ ነው፤ መርዙ በራስ ቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል። ነጭ ጋዝም ቆዳን ያቃጥላል፤ በእሳትም ይያያዛል። ለቅማል በእርጥብ ፀጉር ላይ በቅማል ማበጠሪያ ደጋግሞ ማበጠር ወይም ከጤና ተቋም መድኃኒት መውሰድ ይቻላል። የኬሚካል መያዣ የነበረ ጠርሙስ ወይም ጀሪካን ቢታጠብም ለቅባት ማስቀመጫ አይሆንም፤ በቅርቡ መድኃኒት ከተረጨበት ማሳም ለገላ የሚውል ተክል አይለቀምም። የእሳት ቃጠሎ ላይ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባም፤ የሚጠቅመው ወዲያው ንጹሕና ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ነው።

ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ሲገባ

አንዳንድ ምልክቶች የቤት ውስጥ ሙከራ የሚደረግባቸው አይደሉም። በልጆች ራስ ላይ ፀጉርን በክብ እያነሣ የሚወጣው ቆረቆር የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ የሚቀባ ነገር ብቻውን አያድነውም። በፊት ላይ ወጥቶ ለሳምንታት የማይድን እብጠት ወይም ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ሽኮኮ በሚኖርባቸው የደጋ ገደላማ አካባቢዎች በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ስለሆነ በዚያ ያሉ ነዋሪዎች በተለይ ሊያስተውሉት ይገባል።

ነጣ ወይም ቀላ ብሎ ሲነካ ስሜት የማይሰጥ የቆዳ ክፍል ደግሞ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን ነው፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል። በቤት ውስጥ ቅባት እየቀያየሩ የሚያልፉት ወራት ግን የእጅና የእግር ነርቭን እስከ መጨረሻው ሊጎዱ ይችላሉ። ቅቤውም ተልባውም ለጤናማ ቆዳና ፀጉር ናቸው፤ ለታመመ ቆዳ መጀመሪያ ምርመራ ይቀድማል።