ኮቲኩል፦ የአርደን ደጋ የምላጭ መሳያ ድንጋይ

ኮቲኩል በቤልጅየም የአርደን ደጋ፣ በቪየልሳልም ከተማ ዙሪያ ከመሬት ሥር የሚወጣ ፈዛዛ ቢጫ የመሳያ ድንጋይ ነው። ቢያንስ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲቆፈርና ሲሸጥ የኖረ ሲሆን፣ ታጣፊ ምላጭ ከፀጉር አስተካካይ እጅ በማይለይበት ዘመን ስሙ ከአካባቢው አልፎ ርቆ ይታወቅ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዟ ሼፊልድ፣ በኋላም የጀርመኗ ዞሊንገን ጠንካራና ስስ ምላጭ መሥራት ሲይዙ፣ ለቢላ የሚበቃው ሻካራ ድንጋይ ለምላጭ አልሆነም።

የድንጋዩ መነሻ ከ480 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ ደለል ነው። ደለሉ ከምድር ሥር በግፊትና በሙቀት ተለውጦ አብዛኛው ሰማያዊና ሐምራዊ ሰሌዳ ድንጋይ ሆነ፤ ማንጋኒዝ የበዛባቸው ስስ ንብርብሮች ግን ኮቲኩልን አስገኙ። ቤልጅየማዊው የሥነ ምድር ሊቅ አልፎንስ ሬናር እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ጥናት የድንጋዩን አሠራር በዝርዝር ገልጿል። ብረት የሚፍቁት በደቃቅ ሚካ መካከል የተበተኑ የጋርኔት ማዕድን ቅንጣቶች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ከ5 እስከ 20 ማይክሮን ብቻ ናቸው። የጋርኔቱ ማዕዘኖች ሹል ስላልሆኑ ብረቱን ይፍቁታል እንጂ በጥልቀት አይቧጭሩትም። ኮቲኩል ፊት የማያቃጥል ስለት ያወጣል የተባለለትም በዚህ ነው።

ችግሩ ንብርብሩ ቀጭን መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሴንቲሜትር ስለማያልፍ፣ ቆፋሪዎች እሱን ተከትለው ለመግባት ብዙ የማይፈልጉትን ድንጋይ መፈንቀል ነበረባቸው። ከወጣውም ስንጥቅ ያለበት ይጣላል። የተረፈው ተቆርጦና ተስተካክሎ፣ ስስ በመሆኑ እንዳይሰበር ከሰሌዳ ድንጋይ ጋር ይጣበቃል። ሁለቱ በተፈጥሮ ተያይዘው የሚወጡበት ጊዜም ስላለ፣ መገናኛቸውን አይቶ የትኛው በሙጫ እንደተያዘ መለየት ለገዢ አንድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

አጠቃቀሙ ዘይት አይጠይቅም፤ ውሃ ይበቃዋል። ድንጋዩ ረጥቦ በሌላ ትንሽ የኮቲኩል ቁራጭ ሲታሽ ቀጠን ያለ ወተት የመሰለ ድፍርስ ይወጣዋል። ድፍርሱ ከድንጋዩ የተላቀቀ ጋርኔት የያዘ ነው። ምላጩ ጀርባውም ስለቱም ድንጋዩን እንዲነካ ተጋድሞ ስለቱን አስቀድሞ ይገፋል፤ ጫፍ ሲደርስ ጀርባው ሳይነሳ ተገልብጦ ይመለሳል። የስለቱን ማዕዘን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ስለሆነ እጅ ማዕዘን መገመት አይጠበቅበትም። ብረቱ ሲፋቅ ድፍርሱ ይጠቁራል። ሆኖም በወፍራም ድፍርስ ውስጥ የሚንሳፈፈው ጋርኔት ስለቱን መልሶ ስለሚያደነዝዘው፣ ከአንድ ደረጃ በላይ አይሳልም። ያኔ ውሃ ጠብ እየተደረገ ድፍርሱ ይቀጥናል፣ የእጁም ጫና ይቀንሳል፤ መጨረሻው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። ስለቱ ሲደርስ ውሃው ከፊቱ ተገፍቶ መሄዱን ትቶ በምላጩ ገጽ ላይ መውጣት ይጀምራል። ከዚህ በኋላ ምላጩ በቆዳ ጠፍር ላይ፣ አሁን ጀርባውን አስቀድሞ ይወለወላል። ሌላው ሦስትና አራት ድንጋይ የሚያቀያይርበትን ሥራ ኮቲኩል ውሃ በመጨመር ብቻ መወጣቱ፣ ከስለቱ ልስላሴ ይልቅ የሚደነቅለት ጠባዩ ነው ማለት ይቻላል።

ገበያውን ያሳጣው የተሻለ ድንጋይ አልነበረም፤ መሳል የማያሻው ምላጭ ነው። አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ተጥሎ የሚተካ ምላጭ ያለውን መላጫ እ.ኤ.አ. በ1903 ለገበያ ሲያቀርብ በዚያ ዓመት የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ግን መላጫውን በአሜሪካ ወታደሮች እጅ አስገባው፤ ወታደሩም ልማዱን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የአርደን ጉድጓዶች ወዲያው አልተዘጉም፤ አናጢና መሣሪያ የሚስል ሰው ድንጋዩን ይፈልገው ነበርና። ይሁንና እየደከሙ ሄደው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መባቻ ቁፋሮው ቆመ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ታጣፊ ምላጭ ወዳጆች ሲያገኝ ቁፋሮው በአነስተኛ መጠን እንደገና ተጀመረ። የሳልምሻቶ መንደር ሙዚየም የድሮውን ሥራ መሣሪያዎች ያሳያል። ቅርጹ ያልተስተካከለ ቁራጭ ዛሬ በርካሽ ዋጋ ይሸጣል፤ ቀድሞ እንደ ተረፈ ምርት ይቆጠር የነበረው ሰማያዊ ሰሌዳ ድንጋይም፣ ጋርኔቱ አነስ ብሎ ፍጥነቱ ቢቀንስም፣ በራሱ ስም የመሳያ ድንጋይ ሆኗል።