በፍግ በሚዳብሩ የዓሣ ኩሬዎች ውስጥ ስለሚገኙ ጎጂ ባክቴሪያዎች የተደረገው ምርምር ታሪክ

ዓሣን በኩሬ ማርባት በቻይና እጅግ የቆየ ሙያ ነው። ስለ ሙያው ከተጻፉት ሁሉ ቀደምት የሚባለው አጭር ድርሰት ፋን ሊ ለተባለ ሰው የሚሰጥ ሲሆን፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት እንደ ተጻፈ ይነገራል። በዚያው አገር የአሳማ ፍግና የዳክዬ ኩስ ወደ ኩሬ መጨመር የተለመደ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ፍጉ ሲበሰብስ የሚወጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አልጌ የሚባሉትን ደቃቅ አረንጓዴ እጽዋት ያበዛል፤ ዓሣውም እነርሱንና በእነርሱ የሚኖሩትን ጥቃቅን እንስሳት ይመገባል። ነገር ግን ከፍጉ ጋር ሳልሞኔላና ሌሎችም የአንጀት በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች አብረው ይገባሉ። እነዚህ በኩሬው ውስጥ ምን ይሆናሉ?

ጥያቄው ሊመረመር የቻለው ባክቴሪያን መለየትና መቍጠር ከታወቀ በኋላ ነው። በዚህ ረገድ የሙኒክ ከተማ ልትታወስ ይገባታል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1885 (ሌሎቹም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) ቴዎዶር ኤሸሪክ ዛሬ ኤሸሪኪያ ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ ከሕፃናት ዓይነ ምድር ለይቶ የገለጸው በዚያ ነበር። ይኸው ባክቴሪያ ውሃ በዓይነ ምድር ለመበከሉ ዋና ምልክት ሆኗል። በዚያችው ከተማ አጠገብ በ1929 የከተማውን ፍሳሽ የሚቀበሉ ሰፋፊ የካርፕ ኩሬዎች ተከፈቱ። ለዚህ ዓይነቱ ኩሬ መሠረት የጣለው የዓሣ በሽታዎች ሊቅ ብሩኖ ሆፈር ግን በ1916 ስለ ሞተ ፍጻሜውን አላየም። በእርግጥ የከተማ ፍሳሽና የከብት እበት አንድ አይደሉም፤ ለያዝነው ጥያቄ ግን የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። የሙኒክ ኩሬዎች ዓላማ ፍሳሹን ማጥራት ስለ ነበረ ዋናው መለኪያም ውሃው ነበር።

በውሃው በኩል የተገኘው ውጤት ደስ የሚያሰኝ ነው። ከርቲስ፥ ማራና ሲልቫ በ1992 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት የፀሐይ ብርሃን የዓይነ ምድርን ባክቴሪያ የሚጎዳው ኦክሲጅን ባለበት ውሃ ውስጥ ነው፤ የውሃው ፒኤች ከፍ ሲል ደግሞ ጉዳቱ ይበረታል። አልጌዎች ቀን በብርሃን ምግባቸውን ሲሠሩ ኦክሲጅንንም ፒኤችንም ከፍ ያደርጋሉ። እንግዲህ ባክቴሪያውን ያመጣው ፍግ ገዳዩንም ጭምር ይመግባል ማለት ነው፤ ይህ ለኔ የነገሩ ሁሉ አስደናቂ ክፍል ነው። ፍጉ ከልክ ሲያልፍ ግን ውሃው ይደፈርስና ብርሃን አይዘልቀውም፤ ሌሊትም ኦክሲጅኑ አልቆ ንጋት ላይ ዓሣው አፉን ወደ ላይ አድርጎ ሲያለከልክ ይታያል። በጭቃው ውስጥ የሰፈሩት ባክቴሪያዎችም ብርሃን ስለማይደርስባቸው ረዘም ላለ ጊዜ ይቈያሉ፤ ካርፕ ደግሞ ጭቃ እየማሰ የሚመገብ ዓሣ ነው።

የዓሣው መኖ ውድ መሆኑ ብዙዎችን ወደ ፍግ መለሳቸው። በእስራኤል በ1977 ፈሳሽ የላም እበት የመኖን ቦታ ሊተካ መቻሉን የሚያሳይ ጥናት ታተመ፤ ቮልፋርትና ሽሮደርም በ1979 የፍግን ጥቅም በሰፊው ገመገሙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው አገር ኔቲ ቡራስና ባልደረቦቿ በፍሳሽ ውሃ ያደጉ ዓሦችን ሲመረምሩ ጥያቄውን ከውሃው ወደ ዓሣው አዛወሩት። በ1985ና በ1987 እንደ ገለጹት፥ በውሃው ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ብዛት ለየዓሣው ዓይነት ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ባክቴሪያው በሥጋው ውስጥ ይገኛል። ከዚያ በታች ሲሆን ሥጋው ንጹሕ ሆኖ ሳለ አንጀቱ ግን ባክቴሪያ ያከማቻል። ሥጋው ከተበከለ ደግሞ ዓሣውን በንጹሕ ውሃ ማቈየት እምብዛም አይረዳም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 ለእንደዚህ ያሉ ኩሬዎች በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ከ1000 ያልበለጠ የዓይነ ምድር ባክቴሪያ የሚል ጊዜያዊ ልክ አወጣ። ልኩ ጠቃሚ ነበር፤ ሆኖም የሚለካው ያኔም ውሃውን ነበር። ልኩ በተጠበቀበት ኩሬ እንኳ የዓሣው ሆድ ሲቀደድ ቢላዋውንና መክተፊያውን የሚበክለው አንጀቱ ነው፤ ስለዚህ የወጥ ቤቱ ጉዳይ ከኩሬው ጉዳይ ተለይቶ ሊታይ አይገባም ነበር።

በ2002 ደግሞ ፔተርሰንና ባልደረቦቹ የዶሮ ኩስ ከሚጨመርባቸው የታይላንድ ኩሬዎች ሌላ ነገር አስታወቁ። ለዶሮዎቹ የሚሰጠው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከኩሱ ጋር ወደ ውሃው ስለሚወርድ፥ በአንድ አዲስ ኩሬ ውስጥ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት አሲኔቶባክተር የተባሉ ባክቴሪያዎች ድርሻ በሁለት ወር ውስጥ እጅግ ጨመረ። እነዚህ የኩሬው የራሱ ነዋሪዎች እንጂ የአንጀት እንግዶች አይደሉም፤ ፀሐይና አልጌም እንደ ሌሎቹ አያጠፏቸውም።