ግቢ ለምትገቡ፦ ከሹመት በፊት የተወሰነ ልብ

ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ፣ የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ በድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል። በአካባቢው ትውፊት ነአኩቶ ለአብ የንጉሥ ላሊበላ የወንድም ልጅ ነው፤ በአጎቱ ቤት አድጎ ኋላ ነገሠ። የግእዝ ስሙ አብን እናመስግን እንደ ማለት ነው። ዙፋን ላይ ከመውጣቱ በፊት ምስጋና በስሙ ላይ ነበረ።

ይህን ያነሣሁት ከላስታ ደጋ ተነሥተው ወደ ወልድያ፣ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ወጣቶችን አስቤ ነው። ብዙዎች ከቤት ሲወጡ አንድ ምክር ይሰጣቸዋል፦ “ትምህርትህን ብቻ ተማር፤ ምንም ነገር ውስጥ እንዳትገባ።” ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ፍርሃትም አለበት፤ ፍርሃቱም ከታሪካችን የመጣ ነው።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች “መሬት ላራሹ” እያሉ ወደ ፓርላማ ተሰለፉ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ፤ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመምህርነት፣ ያገለግል ነበር። የሕዝቡን ኑሮ ከመጽሐፍ ሳይሆን በዓይናቸው ያዩ ብዙዎች ናቸው። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱ አስከሬኑን ከብበው በተሰበሰቡት ላይ ወታደሮች ተኮሱ። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ስታልቅ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ያመጡት ፎቶግራፍ ስድስት ኪሎ ላይ ታየ፤ የተደበቀውን እልቂት ተማሪዎች በአደባባይ ጮኹበት።

በእነዚያው ዓመታት ሌሎች ተማሪዎች በየቤቱ ለጸሎት ይሰበሰቡ ነበር። በ1959 ዓ.ም. የተመሠረተችው የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሥራ ናት። መንግሥት ሊመዘግባት አልፈቀደም። በ1964 ዓ.ም. ወደ 250 የሚጠጉ ምእመናን በአዲስ አበባ ታሰሩ። ኅብረቱ ግን አልፈረሰም።

ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ መራራ ነገር መጣ። በአንድ አዳራሽ ሲከራከሩ የነበሩ ጓደኞች በተለያየ ድርጅት ተሰልፈው እርስ በርስ ተገዳደሉ። የተነሡበት ጥያቄ የድሃው ጥያቄ ነበር፤ ጉዞው ግን ወንድምን ጠላት አደረገ። እናቶቻችን “አትግባ” የሚሉት ይህን ስለሚያስታውሱ ነው።

ታዲያ እንሽሽ? ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ በባቢሎን ቤተ መንግሥት የሦስት ዓመት ተማሪዎች ነበሩ (ዳን. 1)። የባዕዱን አገር ቋንቋና ጥበብ ተማሩ፤ ኋላም ሹመት ተቀበሉ። አልሸሹም። ነገር ግን ገና ሲገቡ የማይነኩትን ማዕድ በልባቸው ወስነው ነበር። ድንበሩ የተሰመረው ከሹመቱ በፊት ነው። ሹመት ከመጣ በኋላ ድንበር ማስመር እጅግ ይከብዳል።

ስለዚህ ግቢ የምትገቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ግቡ! የክፍል ተወካይ ሁኑ፤ በክበባት ተሳተፉ፤ ጸጋው ካላችሁ ለተማሪዎች ኅብረት ተወዳደሩ። በፌሎሺፕም ወንበር ከመደርደር ጀምሩ። ግን አስቀድማችሁ ሦስት ነገር በጸሎት ወስኑ፦ የማልዋሸው ውሸት የትኛው ነው? ማንን ነው የማገለግለው? ከእኔ ወገን ያልሆነው የዶርም ጓደኛዬ ቢቸገር ምን አደርጋለሁ? ሦስተኛውን ያልመለሰ መሪ፣ ሰልፉ ቢያምርም፣ ውሎ አድሮ ሰው ይጎዳል።

ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው መምህርና ጌታ መሆኑን እያወቀ ነው (ዮሐ. 13)። ገና እርሱን በመፈለግ ላይ ያላችሁ አንባቢዎችም ይህን መሪ ቀርባችሁ እንድታዩት እጋብዛችኋለሁ። እናቶችም “አትግባ” ከማለት ይልቅ “ልብህን ወስነህ ግባ” ብላችሁ መርቃችሁ ላኩ።

ጸጋ ይብዛላችሁ።