ላፕቶፕ ሳይኖር ጌም መሥራት መጀመር፦ ከ«ቁጥሩን ገምት» እስከ ገበታ

«ላፕቶፕ የለኝም፣ ኮምፒውተር ሳይንስ አልተማርኩም፣ ግን ጌም መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?» ይህን ጥያቄ ሰፈር ውስጥ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። እኔም ዲግሪ የለኝም። ኮድ መጻፍ የሞከርኩት ልደታ ማርያም አካባቢ ቤታችን ቁጭ ብዬ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ ነው። ስለዚህ የሚሠራውንና የሚያደክመውን በዚህ ጽሑፍ እነግራችኋለሁ። ሴቭ አድርጉት።

መነሻ የሚሆነን አንድ መጽሐፍ አለ። የአል ስዋይጋርት «ኢንቬንት ዩር ኦውን ኮምፒውተር ጌምስ ዊዝ ፓይተን» ይባላል። 4ኛው እትም በኖ ስታርች ፕሬስ የታተመ ሲሆን 21 ምዕራፍ አለው። ጸሐፊው ሙሉውን በራሱ ድረ ገጽ ላይ በነጻ አስቀምጦታል፣ ፈቃድ ሰጥቶ ነው፣ ስርቆት አይደለም። እንግሊዝኛው ቀላል ነው። ቲዎሪ አያበዛም፤ ትንሽ ጌም ሙሉ ኮዱን ይሰጥና ከዚያ መስመር በመስመር ያብራራል። አካሄዱ አዲስ አይደለም። ዴቪድ አል የሚባል አሜሪካዊ በ1973 እ.ኤ.አ. 101 ጌሞችን ከነኮዳቸው በመጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ በኋላ የወጣው እትም አንድ ሚሊዮን ኮፒ የተሸጠ የመጀመሪያው የኮምፒውተር መጽሐፍ ሆኗል። የዚያ ዘመን ልጆች ከመጽሐፍ እያዩ እየገለበጡ ነው የተማሩት።

አንድሮይድ ስልክ ላይ ፓይድሮይድ 3 የሚባለውን አፕ ጫኑ። አንዴ ዳውንሎድ ካደረጋችሁት በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የዳታ ነገር ለሚያሳስበን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነጻው ቨርዥን ማስታወቂያ ያወጣል፣ ቻሉት።

ኮዱን ኮፒ ፔስት አታድርጉ። በእጃችሁ ጻፉት። ፓይተን የመስመር መግቢያ ክፍተትን ይቆጥራል፣ አብዛኛውን ጊዜ 4 ስፔስ ነው፤ ኮፒ ስታደርጉ ክፍተቱ ይበላሽና ኤረር ይመጣል። የእኛ አገር ልዩ ችግር ደግሞ አለ፦ ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ ከሆነ ነጠላ ሰረዙን በአማርኛው «፣» ትጽፉታላችሁ፣ ፓይተን ደግሞ አያውቀውም። እኔ አንድ ሙሉ ማታ ያጠፋሁት በዚህ ነው። ኤረሩ የሚያሳያችሁን መስመር አፍጥጣችሁ እዩ፣ ምልክቶቹን ሁሉ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ጻፉ።

የመጀመሪያው እውነተኛ ጌም «ቁጥሩን ገምት» ነው። ስልኩ ከ1 እስከ 20 አንድ ቁጥር ይይዛል፣ እናንተ 6 ዕድል አላችሁ፣ በገመታችሁ ቁጥር «ከፍ በል» ወይም «ዝቅ በል» ይላችኋል። ቀሽም ይመስላል። ግን ቫሪያብል፣ ሉፕ፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚለው ውሳኔ፣ ሁሉም እዚህ አሉ። ተጫዋቹ የጻፈው «7» ለፓይተን ጽሑፍ እንጂ ቁጥር እንዳልሆነና መቀየር እንዳለበት የምታውቁትም እዚህ ነው። ሠርቶ ካያችሁት በኋላ 6ቱን ዕድል ወደ 5 ዝቅ አድርጉትና ራሳችሁ ተጫወቱ። ሁልጊዜ መሐል መሐሉን ከገመታችሁ 5 ይበቃል፣ አትሸነፉም። 4 ካደረጋችሁት ግን የዕድል ጉዳይ ይሆናል። ጌም ዲዛይን የሚባለው ነገር ከዚህች ቁጥር ይጀምራል።

ቀጥሎ ሁለት ዋሻ ያለበት የድራጎን ጌም አለ። አንዱ ዋሻ ውስጥ ያለው ድራጎን ሀብቱን ያካፍላችኋል፣ ሌላው ይበላችኋል። ፋንክሽን የሚባለውን ያስተምራል፣ ማለትም አንድን ሥራ ስም ሰጥቶ በፈለጉት ጊዜ መጥራት። ድራጎኑን ተዉት። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2015 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የተዘረጉት ሁለት መስመሮች በምዕራብ በኩል የሚለያዩት እኛው ልደታ ነው፤ አንዱ ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው በመርካቶ አድርጎ ወደ ምኒልክ አደባባይ። ዋሻዎቹን በሁለት ባቡር ቀይሯቸው፣ ተጫዋቹ ሳያውቅ ይሳፈር፣ የት እንደሚወርድ እናንተ ጻፉ። የኮዱ አሠራር ያው ነው፣ የሚቀየረው ጽሑፉ ብቻ ነው። ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን ያለ ምንም ችግር ያሳያል። እንዲያውም ቫሪያብላችሁን «ቁጥር» ወይም «ባቡር» ብላችሁ በአማርኛ ብትሰይሙት ይቀበላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ምዕራፍ 7 እና 8 ላይ ሀንግማን አለ። የተደበቀ ቃል አለ፣ ፊደል በፊደል ትገምታላችሁ፣ 6 ጊዜ ስትሳሳቱ ያልቃል። መጽሐፉ የሚጠቀመው የእንስሳት ስም ነው። እኔ ጅል ሆኜ የእንግሊዝኛዎቹን ስሞች አጥፍቼ «አንበሳ»፣ «ቀበሮ»፣ «ዋልያ» ብዬ ጻፍኩና ጌሙን ከፈትኩት። «ነ» ብዬ ገመትኩ። ጌሙ ምን አለኝ? እባክህ ፊደል አስገባ! የራሴን ፊደል ፊደል አይደለም አለኝ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኮዱ ውስጥ 26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተዘርዝረዋል፣ ከዚያ ውጭ የመጣ ሁሉ ይመለሳል። ዝርዝሩን በአማርኛ ብትቀይሩትስ? ሌላ ችግር ይመጣል። 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ፊደል ነው፣ እነ ሏ እና ቋ ሳይቆጠሩ። 231 ፊደል ውስጥ 6 ስህተት ብቻ ከተፈቀደ ማንም አያሸንፍም። እዚህ ላይ መጽሐፉ መልስ የለውም፣ ራሳችሁ ማሰብ አለባችሁ።

እኔ ጋ የሠራው መንገድ ይኸውና። ተጫዋቹ የሚገምተው ቤቱን ይሁን። «ነ» ካለ፣ ቃሉ ውስጥ ከነ እስከ ኖ ያለ ማንኛውም ፊደል ይከፈትለት። «አንበሳ» ውስጥ «ን» ትገለጣለች ማለት ነው። ግን ስልኩ «ነ» እና «ን» ዘመዳሞች መሆናቸውን በምን ያውቃል? እዚህ ጋ ዩኒኮድ ያግዘናል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። «ሀ» 4608 ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቤት 8 ቦታ ተሰጥቶታል፦ ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632 እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ የፊደሉን ቁጥር ወስዳችሁ 4608 ቀንሱ፣ ለ8 አካፍሉ፣ ቀሪውን ጣሉት፤ የቤቱን ቁጥር ታገኛላችሁ። «ነ» 4752 ነው፣ «ን» 4757። ሁለቱም 18 ይሰጣሉ። የጣላችሁት ቀሪ ደግሞ ስንተኛ ፊደል እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ለ«ን» 5 ይተርፋል፣ ከዜሮ ስለሚቆጠር ሳድስ ነው። ይህን ሳገኝ ሌሊት 8 ሰዓት ነበር፣ ጮክ ብዬ ስቄ እናቴን ቀሰቀስኳት።

አላለቀም። ቃሉ «ፀሐይ» ቢሆንና ተጫዋቹ «ጸ» ቢልስ? ተሳስቷል ትሉታላችሁ? ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በድምፅ አንድ ናቸው፣ ስልኩ ግን እንደተለያዩ ነው የሚያያቸው። የቤት ቁጥሮቹን የሚያዛምድ ትንሽ ሰንጠረዥ ሠርታችሁ ወደ አንድ መመለስ ትችላላችሁ። ወይም ጥብቅ አድርጋችሁ ትክክለኛውን ፊደል የሚጠይቅ ከባድ ደረጃ መሥራት። የፊደል አስተማሪዎች ሁለተኛውን ይወዱታል፣ ጓደኞቻችሁ ግን ይሰድቧችኋል።

ከሀንግማን በኋላ ከመጽሐፉ ወጣ ብላችሁ ገበታ ሞክሩ። 12 ጉድጓድ ማለት 12 ቁጥር ያለበት ሊስት ነው፣ በእያንዳንዱ 4 ጠጠር። ጠጠር ማደል ደግሞ ሉፕ ነው፤ መጨረሻ ላይ ስትደርሱ ወደ መጀመሪያው ለመመለስ ቦታውን ለ12 አካፍላችሁ ቀሪውን ትወስዳላችሁ። ኮዱ ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ሕጉን መወሰን ነው፣ ምክንያቱም ገበታ እንደየአካባቢው ይለያያል፤ ባለ ሦስት ረድፍም አለ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከ100 በላይ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ኮድ ከመንካታችሁ በፊት አያታችሁን ጠይቁና ሕጉን ወረቀት ላይ ጻፉ።

ከምዕራፍ 17 ጀምሮ ሥዕልና እንቅስቃሴ ይመጣል፣ ፓይጌም በሚባለው። አብዛኛው ሰው የሚያቆመው እዚህ ነው፣ አልፈርድበትም። የመጨረሻው ፕሮጀክት ከላይ ከሚወርዱ ነገሮች የማምለጥ ጌም ነው። ዋናው ሐሳብ ግን አጭር ነው፦ ስክሪኑን አጥፋ፣ ሁሉንም ትንሽ አንቀሳቅስ፣ ሁለት አራት ማዕዘኖች ተነካክተው እንደሆነ እይ፣ መልሰህ ሳል፣ ይህን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ደጋግም። ስልክ ላይ የቀስት ቁልፍ ስለሌለ የኪቦርዱ ክፍል አይጠቅማችሁም። መጽሐፉ በማውዝ መንቀሳቀስንም ስለጨመረ እሱን ያዙ፤ ስክሪን ስትነኩ እንደ ማውዝ ይቆጠራል።

እውነቱን ልናገር፦ በዚህ የሠራችሁትን ጌም ፕሌይ ስቶር ላይ አውጥታችሁ ብር አትሠሩበትም። ፓይጌም ለዚያ አይመችም። ለዚያ ጎዶ ወይም ዩኒቲ ያስፈልጋል፤ ጎዶ ነጻ ነው፣ አንድሮይድ ላይ የሚሠራ ቨርዥንም አለው። የፕሌይ ስቶር አካውንት አንዴ የሚከፈል 25 ዶላር ይጠይቃል፣ ዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። እዚሁ አዲስ አበባ ግን የተሠራ አለ፦ ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮን ይዞ «ኩኩሉ»ን፣ ቀጥሎም «ገበታ»ን ለስልክ ሠርቷል። ሁለቱንም ስትጫወቱ ከኋላ ያለውን ሉፕ ለመገመት ሞክሩ። ሰርተፍኬት ለምትፈልጉ ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ትምህርትን በነጻ ይሰጣል። ጌም አያስተምርም፣ ግን ከመጽሐፉ ጎን ለጎን ይሄዳል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ማታ ማታ ስታቆሙ ፋይሉን ቴሌግራም ላይ ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ ላኩት፣ ቀኑንም ጻፉበት። የመጀመሪያው የአማርኛ ሀንግማኔ ታክሲ ውስጥ ከጠፋው ስልኬ ጋር ሄዷል። ሁለተኛውን ለመጻፍ 3 ቀን ፈጀብኝ፤ የመጀመሪያው 3 ሳምንት ነበር።